ከመፍታታቸው በፊት የለኩት መካኒክ

አባቴ አሮጌውን ቶዮታ ኮሮላ ለእኔ መምጣት ሲል ዘይት አስቀይሮ፣ ጎማውን አስነፍቶ ነበር የጠበቀኝ። ከመጣሁ ብዙም ሳይቆይ ግን መኪናው ቁልፉ ሲዞር አንድ ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ዝም ማለት ጀመረ። አንዳንዴ ቁልፉ ደጋግሞ ሲዞርለት ይነሳል፤ አንዳንዴ ጭራሽ እምቢ ይላል። በዚህ የተነሳ በእረፍቴ መካከል መንገድ ላይ የሚረዱ ሰዎችን፣ ሁለት ጋራዦችንና መለዋወጫ ሻጭን በቅርብ ለማየት ቻልኩ። ከውጭ መጥታችሁ የቤተሰብ አሮጌ መኪና ለምትነዱ ይጠቅማችኋልና ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ የማስነሻ ሞተርን፣ መካኒኮች ሞተሪኖ የሚሉትን፣ አውርዶ ሌላ መስቀል ብዙዎች ይችሉበታል። ጋራዥን ከጋራዥ የሚለየው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚለካ ነው።

የመንገዱን እርዳታ በአጭሩ ላንሳ። አንድ ደግ አሽከርካሪ መኪናውን አስጠግቶ በገመድ ከራሱ ባትሪ ኃይል ሰጠን፤ ድምፁ ያው «ቀጭ» ሆነ። ካምቢዮው የእጅ ስለሆነ ቁልፉን ከፍተን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ተገፋ፤ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ሞተሩ ተነሳ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ግን በመገፋት አይነሳምና ይህን ተስፋ አድርጋችሁ ሰው አታድክሙ። እርዳታው መኪናውን ከማስነሳቱም በላይ ጥሩ ፍንጭ ሰጥቶናል፤ ጤነኛ ባትሪ ተጨምሮ ምንም ለውጥ ከሌለ ጥርጣሬው ከባትሪው ወደ ሌላ ቦታ ይሸጋገራል።

የመጀመሪያውን ጋራዥ ስም አልጠቅስም። ሠራተኛው በትሕትና ተቀብሎኛል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ጊዜ ቁልፍ ካስዞረኝ በኋላ «ሞተሪኖው አልቋል፤ ሙሉውን እንቀይራለን» አለ። አንድም ነገር አልለካም። ያ ድምፅ እኮ ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል፦ ከላላ የባትሪ ራስ፣ ውስጡ ከበለዘ ገመድ፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር ከሚያገናኘው ከተበላ የኔጌቲቭ ሽቦ፣ ከሶሌኖይዱ (ቁልፉ ሲዞር ዋናውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው ከሚያሻግረው ማብሪያ)፣ ከራሱ ከሞተሪኖው። ገመዱ የታመመበትን መኪና ሞተሪኖ ብትቀይሩለት አዲሱም እንደ አሮጌው «ቀጭ» ይላል። ከዚህ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው፤ ባትሪውን ሳይፈታ የብረት ቁልፍ ይዞ ወደ ሞተሪኖው ወፍራም ገመድ እጁን ሰደደ። ያ ገመድ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች ላይ በመካከሉ ፊውዝ የለውም፤ መኪናው ጠፍቶም ቢሆን በቀጥታ ከባትሪው ኃይል ይዞ ይቀመጣል። ቁልፉ በአንድ በኩል የገመዱን ዳዶ፣ በሌላው በኩል የሞተሩን ብረት ቢነካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ያልፍበታል፤ ብረት ያቀልጣል፣ እጅ ያቃጥላል። እንዲያቆም ለምኜ መኪናውን አስገፍቼ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ የአባቴ ወዳጅ የጠቆመን ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ናቸው፤ አብሯቸው አንድ ወጣት ረዳት ይሠራል። ኮፈኑ ከመከፈቱ በፊት ጥያቄ ጀመሩ።

«ልጄ፣ እምቢ የሚልሽ ጠዋት ነው ወይስ ሞቆ ከቆመ በኋላ?»

«ሁለቱም ጊዜ ነው፣ ጋሼ።»

«ቁልፉን ስታዞሪ የዳሽቦርዱ መብራት ይደበዝዛል?»

«አይደበዝዝም፤ እንዳለ ነው።»

«ድምፁ አንዴ ነው ወይስ እየተደጋገመ ይንጣጣል?»

እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደጠየቁ ለረዳታቸውም ለእኔም አስረዱን። ድምፁ በፍጥነት እየተደጋገመ የሚንጣጣ፣ መብራቱም የሚደክም ከሆነ ባትሪው ወይም የባትሪው ራሶች ናቸው የሚጠረጠሩት። ሞተሪኖው ራሱ እየተሽከረከረ ዋናው ሞተር የማይዞር ከሆነ ነገሩ ከቤንዲክሱ፣ በሞተሪኖው ጫፍ ካለው ትንሽ ባለ ጥርስ ማርሽ ነው፤ ወጥቶ የቮላኖውን (ዋናውን ሞተር የሚያዞረውን ትልቅ ባለ ጥርስ ጎማ) ጥርስ አይነክስም ማለት ነው። የብረት መፋጨት ከተሰማ የጥርሶቹ መበላት ይታሰባል። የቀዘቀዘ ሞተር በሰላም እያስነሳ ሲሞቅ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ከጭስ ማውጫው የሚመጣው ሙቀት ይታያል፤ ሙቀት መከላከያው ላሜራ ከዚህ በፊት ተፈትቶ ሳይመለስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ሳይደበዝዝ አንድ «ቀጭ» ብቻ ከተሰማ ግን ሶሌኖይዱ ትእዛዙን ሰምቷል፣ ብረቱም ተስቧል፤ ዋናው ኃይል ግን ወደ ሞተሪኖው አልተሻገረም።

ግምት ሆኖ እንዲቀር አልፈለጉምና ቮልት መለኪያ አመጡ። ባትሪው ኃይል ሳይሳብበት 12.6 ቮልት አሳየ፤ ይህ የሞላ ባትሪ ልክ ነው። ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር ከቁልፉ ወደ ሶሌኖይዱ በምትሄደው ቀጭን የትእዛዝ ሽቦ ላይ ከ11 ቮልት በላይ ተገኘ፤ ስለዚህ የቁልፉ ስዊችና ሽቦው ነጻ ወጡ። ከዚያ መለኪያውን በሶሌኖይዱ ሁለት ትላልቅ ተርሚናሎች መካከል አደረጉት። ውስጡ በደንብ የሚገናኝ ቢሆን በመካከላቸው ሊታይ የሚገባው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነበር። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» አለ፣ ቁጥሩ ግን 12ን ይዞ ቀረ። ደጋግመው ሲሞክሩት ሞተሩ ሲነሳም ለኩ፤ ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው ወፍራም ገመድ ላይ የጠፋው ከግማሽ ቮልት በታች ነበር። ያኔ ብቻ ነው «እንግዲህ እናውርደው» ያሉት። በጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ ረጋ ያለ አሠራር ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት ያየ ያውቀዋል።

ማውረዱ በአሮጌ መኪና ላይ ትዕግሥት ይፈትናል። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ የኋላ ጎማዎቹ ታኮ ተደረገላቸው። የባትሪው ኔጌቲቭ በቅድሚያ ተፈትቶ ተመልሶ እንዳይነካ ወደ ጎን ተደረገ። ኔጌቲቩ የሚቀድመው፣ መፍቻው ሲንሸራተት የመኪናውን አካል ቢነካ እንኳ አጭር ዙር ስለማይፈጥር ነው። ፊቱ በክሪክ ከተነሳ በኋላ በብረት መደገፊያ ተያዘ፤ ረዳቱ ከሥር ከመግባቱ በፊት መኪናውን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አረጋገጠ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

ሞተሪኖው ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ላይ በሁለት ቡሎን ታስሯል። የላይኛው ቶሎ ለቀቀ። የታችኛው ለዓመታት ጭቃና ውኃ ሲጠጣ ኖሯልና በዝገት ተጣብቋል። ረዳቱ ረጅም ዱላ ሊጨምርበት ሲል ጋሼ አስቆሙት፤ ዝገት አስለቃቂ ዘይት ነፍተውበት፣ በመዶሻ ራሱን ቀስ ብለው መትተው፣ ሌላ ሥራ እየሠሩ አቆዩት። ቡሎኑ ቢበጠስ ግማሹ በካምቢዮው መያዣ ውስጥ ቀርቶ የግማሽ ቀኑ ሥራ የሳምንት ይሆን ነበር። ሲላላም በአንድ ጊዜ አልፈቱትም፤ ትንሽ ፈትተው መልሰው እያጠበቁ፣ በዝገቱ ውስጥ መንገድ እያስያዙ አወጡት። ሞተሪኖው ክብደት ስላለው የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ ሌላ እጅ ከሥር ይዞታል፤ በገመዱ ላይ እንዲንጠለጠል አልተተወም።

ሞተሪኖው የወጣበትን ክፍተት ተጠቅመው የቮላኖውን ጥርስ መረመሩ፤ ይህን የሚዘልሉ ብዙ ናቸው። ሞተሩን ከፊት በኩል ባለው የፑሊ ቡሎን በመፍቻ እያዞሩ ዙሪያውን በባትሪ መብራት አዩት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በሁለት ተቃራኒ ቦታዎች ላይ ስለሆነ የጥርሱ መበላት የሚጠበቀው እዚያ ነው። የእኛው ጫፉ ትንሽ ከመላላጡ በቀር ደህና ሆኖ ተገኘ።

የወረደው ሞተሪኖ በጠረጴዛ ላይ ሲከፈት የተለካው ነገር በዓይን ታየ። በሶሌኖይዱ ውስጥ ኃይል የሚያሻግሩት የመዳብ ኮንታክቶች በአንድ በኩል ተበልተው ጠቁረዋል፤ በዚህ ዓይነት ሞተሪኖ ላይ በጣም የተለመደ ብልሽት ነው። ችግሩ ያ ብቻ ቢሆን ኮንታክቶቹን መቀየር ይበቃ እንደነበር ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ይሁን እንጂ ካርቦኖቹ (በሚሽከረከረው ክፍል ላይ እየተፋጩ ኃይል የሚያደርሱት) ወደ መጨረሻቸው ደርሰው አልቀዋል፤ የሚያርፉበት ኮሙቴተርም በጥልቀት ተቦርቡሯል። አስተያየታቸውን ሰጥተው ምርጫውን ለእኔ ተዉት። ኮንታክት ብቻ ቢቀየር ለጊዜው እንደሚነሳ፣ ካርቦኑ ግን ብዙ ሳይቆይ እንደገና እንደሚያስፈታን ግልጽ ስለነበር ሌላ ሞተሪኖ እንዲገጠም ወሰንኩ።

ወደ መለዋወጫ ሻጩ ስሄድ አሮጌውን ይዤ እንድሄድ አዘዙኝ፤ ትልቁ ምክራቸው ይህ ነበር። ሻጩ በመኪናው ስም ብቻ ያወጣልኝ ሞተሪኖ ከላይ ሲታይ አንድ ዓይነት ነበር። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን የቤንዲክሱ ጥርስ ቁጥር ይለያል። ሁለተኛው በጥርሱ ብዛት፣ በቡሎኖቹ ርቀት፣ በአፍንጫው ርዝመትና በትእዛዝ ሽቦው መሰኪያ ገጠመ። ሻጩ በሞርሳ አስሮ በባትሪ ለጥቂት ሰከንድ አሽከረከረልኝ፤ ቤንዲክሱ ወጣ፣ ያለ ጩኸት ዞረ። በዚህ አመሰግነዋለሁ። የዋስትናውን ጊዜ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ ግን እኔ መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ለማንኛውም ደንበኛ ሳይጠየቅ መጻፍ ይገባዋል።

መግጠሙ ከማውረዱ ይቀላል። አንድ ነገር ግን ልብ አድርጌ አይቻለሁ፦ ሞተሪኖው የሚያርፍበትን ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ አጸዱት። ሞተሪኖ ኔጌቲቩን የሚያገኘው በራሱ አካል በኩል ስለሆነ በመካከሉ ዝገት ወይም ቀለም ካለ አዲሱም ይደክማል። ሁለቱ ቡሎኖች በእጅ ከተጀመሩ በኋላ ነው መፍቻ የነካቸው፤ ሙቀት መከላከያው ላሜራ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የገመዱ ዳዶ ጠብቆ የላስቲክ ሽፋኑን አገኘ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ መጨረሻ ላይ ታሰረ። መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ጋሼ ግን በዚያ አልተደሰቱም፤ አጥፍተው እንደገና ለኩ። ሞተሪኖው ሲያሽከረክር የባትሪው ቮልት ከ10 በላይ ቆየ፤ ከ9.6 በታች ቢወርድ ባትሪውን እንመረምር ነበር አሉ። ሞተሩ እየሠራም የዲናሞው ኃይል ከ14 ቮልት በላይ መሆኑን አዩ። የወጣውን አሮጌ ሞተሪኖ ከነተበሉት ኮንታክቶቹ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ፤ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋም ለየብቻ ተጽፎ ደረሰኝ ላይ ሰፈረ።

አባቴንም መከሩት። ሞተሩ ካልተነሳ ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ ይዞ ማቆየት ሞተሪኖውን ያግለዋል፤ ትቶ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ማሳረፍና መልሶ መሞከር ይሻላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ቁልፉ ወዲያው መለቀቅ አለበት።

የምነቅፍባቸው ነገር አለ። ለከሰዓት በኋላ ያሉት ሥራ በታችኛው ቡሎን ምክንያት እስከ ማምሻ ሲዘገይ ደውለው ሊነግሩን ይገባ ነበር፤ አባቴ ቆሞ ጠበቀ። ከመጀመራቸው በፊትም የሥራውን ግምት በቃል ነው የነገሩኝ፤ በወረቀት ቢሆን ለሁለታችንም ይሻል ነበር። በሥራው ግን ከአምስት አምስት ኮከብ እሰጣቸዋለሁ፤ ለሻጩ ደግሞ አራት። የመመለሻ በረራችሁ የቀረበ ከሆነ መኪናውን ጠዋት በማለዳ አስገቡ፤ የዛገ ቡሎን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ አስቀድሞ የሚያውቅ መካኒክ የለምና ለዚያ ቀን ሌላ ቀጠሮ አትያዙ።