ሃይድሮፎኑ ከድሬ ውሃ ጋር እንዴት ከረመ?

እህቴ ከውጭ ስትመጣ ሃይድሮፎን አምጥታልኝ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እየተጠቀምኩበት ነው። የውሃ ውስጥ ማይክሮፎን ማለት ነው። «ድሬ ምን ውሃ አለና?» ብለው የሳቁብኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ካልወረደበት አሸዋ ነው። ግን አቦ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ፣ ሐረማያ ሐይቅም ሩቅ አይደለም።

ዕቃው ቀላል ነው። አውራ ጣት የሚያክለው ጥቁር ጫፍ ውስጥ ፒዞ የሚባል ሴራሚክ አለ፤ ድምፁ ሲጫነው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያወጣል። በጣም ትንሽ ስለሆነ ስልክ ላይ ሰክቼ እሰማለሁ ካላችሁ እርሱት። ጥሩ ማጉያ ያለው መቅጃ ይፈልጋል፣ ዋጋ ስታሰሉ እሱንም ደምሩ።

ሐረማያ ደርቆ ከተመለሰ ወዲህ ዳሩ በፓምፕ ተሞልቷል፣ ጆሮዬ ውስጥ ቀድሞ የሚገባውም ጫትና አትክልት የሚያጠጡት ፓምፖች ጉርምርምታ ነው። የትኛው ፓምፕ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይሮጣል፣ በአየር ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፣ አንድ ሃይድሮፎን ደግሞ አቅጣጫ አይነግርም፤ ለዚያ ሁለት ሦስቱን አራርቆ አስቀምጦ የቱ ጋ ቀድሞ እንደደረሰ ማስላት ያስፈልጋል። ፓምፖቹ ሲያርፉ ቲክ፣ ቲክ የሚል ይጀምራል፤ ፀሐይ ያገኛቸው የውሃ ተክሎች አረፋ ሲለቁ እንዲህ ይሰማል። እሱን እየሰማሁ ሻይ ስጠጣ ሰዓቱ አይታወቀኝም።

ሮቶው ጋ የሰጠኝ ጥቅም ግን አላሰብኩትም ነበር። ሌሊት ከፍቼ ስከተው ሺሽሽ የሚል ቀጭን ድምፅ አለ። ለካ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ በደንብ አይዘጋም ነበር! የቧንቧ ሠራተኛው ሲያየኝ «አንተ ደግሞ የውሃ ሐኪም ሆንክ እንዴ?» አለኝ፣ ግን ቀየረው።

ችግሩ የድሬ ውሃ ነው። ኖራ አለበት፣ ማንቆርቆሪያችሁን እዩት። ጫፉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ በአቼቶ ነክሬ በጨርቅ ነው የማነሳው። መሰኪያው ጋ ገመዱ ላልቶ ስነካው መንኳኳት ጀምሮ ነበር፣ አስበየድኩት። ጎማው ራሱ ሙቀቱን ችሎታል።

ዓሣ ልፈልግበት ካላችሁ ተዉት፤ ዓሣ መፈለጊያው ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚጠብቅ ሌላ ዕቃ ነው፣ ይሄ ዝም ብሎ ያዳምጣል። የምትገዙ ከሆነ ገመዱ ረዘም ያለውን ውሰዱ፣ የእኔ ሐረማያ ላይ ከዳር አያልፍም።