ለህፃናት ጆሮ መብሻ «ማደንዘዣ» እየተባለ የሚጠየቀውን ብር እንዳትከፍሉ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለህፃን ልጃችሁ ጆሮ ልታስበሱ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ሳትገቡ ይህን አንብቡ። የገባንበትን ጌጥ ቤት ስም አልጠራም።

በሩ ላይ «ያለ ህመም ጆሮ እንበሳለን» ይላል። ከእህቴ ጋር ልጇን ይዘን ገባን። መብሻው 300 ብር ነው። ልጅቷን ካስቀመጡ በኋላ «ማደንዘዣ ይቀባላት?» ይላሉ፤ ለሱ ሌላ 400። «ግድ የለም፣ ይመማት» የምትል እናት የት ትገኛለች? ይህንን አውቀው ነው። ከዚያ ምንም ካልተጻፈበት ብልቃጥ ነጭ ቅባት በጣት ጫፍ ተነካላት፤ የምትበሳዋ ጓንቷን አጥልቃ ስትጨርስ ቅባቱ ተጠረገና ተበሳች። ጩኸቷ መናኸሪያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ማደንዘዣ ቅባት የለም እያልኩ አይደለም። ሊዶኬይንና ፕሪሎኬይን 2.5 በመቶ በ2.5 በመቶ የተቀላቀለበት ቅባት አለ፤ ይሠራልም። ግን ወፈር ተደርጎ ተቀብቶ፣ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ቀብቶ ወዲያው መጥረግ ለስሙ ነው።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው፦ ፕሪሎኬይን ሲበዛ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የልጁ ከንፈር ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ይበልጥ የሚያሰጋው ከሦስት ወር በታች ላሉት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ጉትቻ ይኑራት ብሎ ቀድሞ የሚያስበሳ አለ! መጠኑን በዕድሜና በክብደት የሚወስነው የጤና ባለሙያ እንጂ የጌጥ ሻጭ አይደለም።

ለሚጠባ ልጅ ከመበሳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ጡት ማስያዝና እስኪያልቅ አለማስጣል ህመሙን ይቀንሳል፤ ብርም አይጠይቅም። ከፍ ላለችው እቅፍ አድርጎ በሆነ ነገር ማታለል ነው። ህመም ለማስታገስ ብላችሁ ዓመት ላልሞላው ማር እንዳታልሱ፤ አስፕሪንም ለልጅ አይሰጥም። ቢቻል የ14ኛ ሳምንቱን ክትባት ጨርሳ ብትበሳ ይሻላል፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያው እዚያው ውስጥ ነው።

ሽጉጥ በሚመስል የጆሮ መብሻ መሣሪያ የሚበሱ ቤቶችም አሉ። ፕላስቲክ ያለው ሽጉጥ ጀርሙ እንዲሞት በእንፋሎት አይቀቀልም፣ በአልኮል ቢወለወል በቂ አይደለም። እሽግ መርፌ ፊታችሁ ካልተከፈተ ልጃችሁን አንሱና ውጡ። ቁስሉ ላይም ቅቤ አይደረግ። ካበጠና መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

ብራችንን ስንጠይቅ «ቅባቱ ወጥቷል እኮ!» ተባልን። ደረሰኝ አይሰጡም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የቅባቱን ስምና ማብቂያ ቀን አሳዩን በሉ፤ ደረሰኝም ጠይቁ።