ልጃችንን ማንሳት ያስተማሩን ሲስተር

ሰሞኑን «ሕፃኗ እንዴት ሆነች?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ ሁሉ፣ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳልመልስላችሁ በመቆየቴ ይቅርታ። ዛሬ የምጽፈው ግን ሳላመሰግን ላልፋቸው የማልችል ሰው ስላሉ ነው።

ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ልቧ ላይ የነበረው ቀዳዳ የተደፈነላት ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ማዕከል ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት ይህ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ባይከፈት ኖሮ፣ እኛ ውጭ አገር ወስደን የምናሳክምበት አቅም ከየት ይመጣል? ለሁሉም ምስጋናዬ የዕድሜ ልክ ነው።

ጭንቁ የመጣው ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ራይዱ ደጃፍ አውርዶን ሄደ። ባለቤቴ ደረጃውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ደረቷ ተከፍቶ የተሰፋ ልጅ በምን በኩል ነው የምትያዘው? ሲያስወጡን ነግረውናል። ግን በዚያ ድንጋጤ ማን ሰምቶ!

መጀመሪያ በደላላ አንዲት አስታማሚ አገኘን። እጇን ሳትታጠብ ፋሻውን ልትነካ ስትል ጮህኩባት። በሦስተኛው ቀን ቀረች፤ እሰየው።

ከዚያ ጎረቤታችን ሲስተርን አመጣችልን። ሕፃናት ክፍል ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ገብተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ልጅቷን ከማየታቸው በፊት ትራስ አምጡ አሉ። በነጠላ ጠቅልለው «ይቺ ልጃችሁ ናት፤ አንሷት» አሉን። አንድ እጅ ከመቀመጫዋ ሥር፣ አንዱ ከትከሻዋ ኋላ። ብብቷ ሥር ገብቶ ማንሳት የለም። እጇን ይዞ መጎተት የለም። አጥንቱ እስኪገጥም፣ ስድስት ሳምንት ገደማ፣ ማዘልም የለም። ባለቤቴ ትራሱን ሁለቴ ጣለው። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ የሳቅነው ያን ቀን ነው።

እናቴ ግን አልሳቀችም። «ልጅ ሳይታዘል ያድጋል እንዴ?»

«እትዬ፣ ለጊዜው ይቀፏት። ሲያዝሏት ጀርባዎ ደረቷን ይጫነዋል።»

እናቴን ሥራ ሰጧት። ልጅቷ ስትተኛ ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሿን ትቆጥራለች። በምን ብትቆጥር ጥሩ ነው? በመቁጠሪያዋ! ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ከወትሮው በዛ ካለ፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ጠዋትን አለመጠበቅ ነው።

ጠያቂውንም ሥርዓት ያስያዙልን እሳቸው ናቸው። ጉንፋን የያዘው ብርቱካኑን በር ላይ አስረክቦ ይመለሳል። ቡና ይፈላል፣ እጣን አይጨስም። (እናቴ እስከ ዛሬ «የቢሮ ቡና» ትለዋለች።)

ከሁሉ የኮራሁባቸው ግን በሌላ ነው። አንድ ምሽት ልጅቷ መድኃኒቷን አስመለሰችው። አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። «በራስሽ እንዳትደግሚላት። የሷን ሐኪም የሚጠይቅ ነገር ነው፤ አሁኑኑ ማዕከሉ ጋ ደውይ» አሉኝ። የማይመለከታቸውን «እኔ አውቃለሁ» አላሉም። ጥርሷን ለማሳከም ከሄድንም ቀድመን የልቧን ነገር እንድንናገር አስጠንቅቀውናል። ይሄን ማን ያስባል?

አልደብቃችሁም፣ ቁጡ ናቸው። ልጅቷ አጠገብ ስልኬን ስነካካ ሁለት ጊዜ ተቆጥተውኛል። ሁለቱም ጊዜ ልክ ነበሩ።

ባለፈው እሑድ አጎቷ በብብቷ ሊያነሳት ሲል ልጄ ጣቷን ቀስራ «እንደዚህ አይደለም! ከቂጤ ሥር!» አለችው።

ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። የሚመቻቸው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዋጋቸውንም ገና ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል። ሊፍት ከሌላችሁ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።