«ሙሉ በሙሉ ታድሷል፣ ዘይት አያንጠባጥብም» ለተባለ ሞተር ከመክፈላችሁ በፊት

የድሮ መኪና ሞተር ለማሳደስ ገንዘብ ያጠራቀማችሁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ። እኔ የደረሰብኝ በሌላ ሰው እንዲደርስ አልፈልግም።

መኪናዬ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያላት የድሮ ቮልስዋገን ናት። ሞተሯ ዘይት ስለሚያፈስ እንዲታደስ ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። «ወንድሜ፣ ኦይል ሲሉም ጓርኒሲዮኑም በሙሉ ይቀየራል፤ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ አታይም» አሉኝ። (ኦይል ሲል ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ የጎማ ቀለበት ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባ ስስ መድፈኛ።) በማግስቱ ሞተሩ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ ሲያብረቀርቅ አየሁት፤ ደስ ብሎኝ ሙሉውን ክፍያ ፈጸምኩ።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ከሥር ያለችውን ክብ ክዳን ስድስቱን ዳዶዎች ፈትቼ አወረድኳት። ከውስጥ ያለው የዘይት ወንፊት ግማሹ በሲሊኮን (ክፍተት ለመድፈን በሚቀባ ማጣበቂያ) ተደፍኗል። በጣቴ ስስበው እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ ወጣ። ከውጭ የፈሰሰው ሲሊኮን ተጠርጎ ያማረ ይመስል ነበር፤ ወደ ውስጥ የተጨመቀውን ግን ማንም አላየውም። ወንፊቱ ተደፈነ ማለት ፓምፑ የሚስበው ዘይት አጣ፣ ብሮንዚናው (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) ደረቀ ማለት ነው። ትንሽ ብዘገይ ኖሮ ኮሎው (ዋናው ዘንግ) ራሱ ይበላ ነበር።

ሲሊኮን ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። በቦታው፣ በቀጭኑና በጸዳ ብረት ላይ ሲቀባ ይሠራል። የዚህ ሞተር አካል ግን መሐል ለመሐል ከሚገጣጠሙ ሁለት ግማሾች የተሠራ ነው፤ በመካከላቸው ጓርኒሲዮን የለም። እዚያ ላይ ወፍራም ሲሊኮን የቀባ ሰው ሁለቱን ግማሾች ያራርቃል፣ የብሮንዚናውንም ልክ ያበላሻል።

ሁሉም ኦይል ሲል ተቀየረ የተባለውም ውሸት ነበር። የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች የሚያልፉባቸው ስምንት ቱቦዎች አሉ፤ በየጫፋቸው አንድ፣ በድምሩ 16 የጎማ ቀለበት ይገባባቸዋል። ቱቦዎቹ ከፋብሪካ የመጡት ከሆኑ እነዚህን መቀየር የሚቻለው ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) ሲወርድ ብቻ ነው። የእኔ ቴስታታ አልተነካም ነበር፤ በቱቦዎቹ ጫፍ ዙሪያ ሲሊኮን ተለጥፎባቸው አገኘሁ። ስለዚህ አሮጌዎቹን ዕቃዎች አምጡ በሉ። ከሞተሩ የወጣ አሮጌ ጎማ ደርቆና ተሰነጣጥቆ ይታያል። «ጣልነው» ካሏችሁ አትመኗቸው።

ከቮላኖው (ከኮሎው ጫፍ ላይ ከሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል የሚያፈስ ሞተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኮሎው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጫወትበት ልክ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ 0.15 ከደረሰ ገደቡ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫወት አዲስ ኦይል ሲል ቢገባም ዘይቱ ተመልሶ ይፈሳል፣ ፍሪሲዮኑንም ያረጥበዋል። ሞተሩ ጠፍቶ የኮሎውን ፑሌ (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። ቋ የሚል ድምፅ በግልጽ ከተሰማችሁ ኦይል ሲል አያድነውም።

ለማንኛውም ዓይነት የድሮ ሞተር የምጨምረው አለ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቆ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተዘግቶ ከሆነ በውስጡ የሚጠራቀመው ግፊት ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። አንዱን ስትደፍኑት በሌላው ይወጣል። መተንፈሻውን ሳያይ ጓርኒሲዮን ልቀይር የሚል ባለሙያ ገና ምክንያቱን አላገኘም። ጠብታው የወደቀበት ቦታም ሁልጊዜ የፈሰሰበት ቦታ አይደለም፤ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሞተሩን አጥቦ፣ አስነስቶ፣ ከላይ ወደ ታች በመብራት የሚፈልግ ሰው ፈልጉ።

ዘይት ማስቆሚያ ተብሎ የሚጨመረው ፈሳሽም የደረቀ ጎማን ያሳብጣል እንጂ የተቀደደውን አይጠግንም። ሻጭ ጨምሮበት ከሆነ በምትሞክሩበት ቀን ሞተሩ ደረቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ሳምንት እንደ እኔ ያለ የቮልስዋገን ሞተር ልትረከቡ የተቀጣጠራችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ያችን የሥር ክዳን ፊታችሁ አስፈቷት፤ ወንፊቱንም በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ይህን ላለማድረግ ሰበብ የሚደረድር ካጋጠማችሁ ክፍያውን ያዙ።