ደብረ ሊባኖስ ደርሶ መልስ፦ በሕዝብ ትራንስፖርት ወይስ በኮንትራት መኪና?

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል።

በሕዝብ ትራንስፖርት ርካሹ ነው። የፍቼ ወይም የጎጃም መኪና ይዞ መገንጠያው ላይ መውረድ ነው። ገዳሙ ግን ከአስፋልቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይገባል፤ ሲመለሱ ያው መንገድ ዳገት ይሆናል። አመሻሽ ላይ የሚያልፈው መኪና ሞልቶ ከመጣ ደግሞ መቆም ነው። ስለዚህ በእግር የሚሄድ ሰው ከሁለት አንዱን ይምረጥ፦ ወይ ገዳሙን በእርጋታ፣ ወይ ከመገንጠያው ብዙም የማይርቀውን የድንጋይ ድልድይና የገደሉን አፋፍ። “የፖርቹጋል ድልድይ” ይሉታል እንጂ ፖርቹጋሎች የሠሩት አይደለም፤ ራስ ዳርጌ ናቸው ያሠሩት ይባላል።

ኮንትራት መኪና ሁለቱንም ያደርሳል፤ ጭላዳ ሲታይም ማቆም ይቻላል። ለአራት ከተካፈሉት እኔ ያለማመንታት ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ገዳሙ ጊዜ ይፈልጋል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የታነጸው ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በግራዚያኒ ትእዛዝ ግንቦት 1929 ዓ.ም. የተጨፈጨፉት መነኮሳትና ምእመናን መታሰቢያም እዚያው ነው። ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ የሚወስደው አቀበት ግን ባለመኪናውንም ያስኬዳል፤ ጥሩ ጫማ ያድርጉ፣ ነጠላም አይርሱ።

ነሐሴ 24፣ በጻድቁ ክብረ በዓል፣ መኪና ይዞ መሄድ ትርፉ ማቆሚያ ፍለጋ ነው። ለገደሉ ሲሉ ከሆነ ደግሞ ጉሙ እስኪገፈፍ፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ይጠብቁ።