የዱባይ ጎልደን ቪዛ ወይስ የቱርክ ዜግነት? ገንዘባችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት

ዱባይ ከሚነግዱ ወዳጆቼ የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። «ቤት ገዝቼ ጎልደን ቪዛ ካወጣሁ፣ ትንሽ ዓመት ቆይቼ ዜግነት አገኛለሁ አይደል?» አታገኙም። ጎልደን ቪዛው የአስር ዓመት መኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ሲያልቅ ይታደሳል፤ የሚታደሰው ግን ያው መኖሪያ ፈቃዱ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ኤምሬቶች ሕጋቸውን አሻሽለው ለባለሀብት፣ ለሐኪምና ለሳይንቲስት ዜግነት መስጠት መፍቀዳቸው እውነት ነው። ግን ዕጩዎቹን የሚያቀርቡት የገዢዎቹና የአልጋ ወራሾቹ ጽሕፈት ቤቶች፣ የየኤምሬቱ ሥራ አስፈጻሚ ምክር ቤቶችና ካቢኔው ናቸው። ራሳችሁ ሄዳችሁ የምታመለክቱበት መስኮት የለም። «የዜግነት ፋይል እናስከፍትላችኋለን» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

የእኔን ምርጫ ከወዲሁ ልናገር። ዱባይ ሱቅ ወይም መጋዘን ያለው ሰው ጎልደን ቪዛውን ቢያወጣ ይጠቀምበታል። ፓስፖርት የሚፈልግ ሰው ግን ገንዘቡን ወደ ቱርክ ይውሰድ፤ እዚያ መስፈርቱን የሚያሟላ ቤት የገዛ ሰው ለዜግነት ማመልከት ይችላል።

ወደ ዋጋው እንግባ። ለጎልደን ቪዛ የሚያበቃው ቤት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ድርሃም ነው። ወደ 545 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ለስም ማዛወሪያ 4 በመቶ፣ ማለትም 80 ሺህ ድርሃም ጨምሩ። የደላላው 2 በመቶ ሌላ 40 ሺህ ነው፤ በዚያ ላይ ቫት አለው። ከዚያ በየዓመቱ በካሬ ጫማ ተሰልቶ የሚመጣ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ማለትም የሕንፃው የጋራ አገልግሎት ክፍያ፣ አለ። ቤቱ ባዶ ቢውልም ትከፍላላችሁ።

የቱርክ ዝቅተኛ ዋጋ 400 ሺህ ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀመር 1 ሚሊዮን ነበር፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ወደ 250 ሺህ ወረደ፣ በሰኔ 2022 ደግሞ አሁን ያለበት ደረሰ። የስም ማዛወሪያው እዚያም 4 በመቶ ነው። 16 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። ይህን ሻጭና ገዢ እኩል ሊካፈሉት ይችላሉ፤ የውጭ ሰው ሲመጣ ግን ሙሉውን ገዢው ላይ ይጭኑታል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ተከራከሩበት፤ 8 ሺህ ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም። የግምት ሪፖርት፣ ትርጉም፣ ኖተሪ፣ ጠበቃና የግዴታ የመሬት መንቀጥቀጥ መድን ሲደመሩ ከቤቱ ዋጋ በላይ 25 ሺህ ዶላር ያህል ያዙ። እንደዚያም ሆኖ ከዱባዩ ወደ 150 ሺህ ዶላር ይቀንሳል።

ከመኖሪያ ፈቃድ ወደ ዜግነት ያለው እርምጃም በቱርክ አጭር ነው። ቤቱ መስፈርቱን ማሟላቱ በወረቀት ሲረጋገጥ የባለሀብት መኖሪያ ፈቃድ ትወስዳላችሁ፣ ወዲያው ለዜግነት ታመለክታላችሁ። እዚያ ይህን ያህል ወር ኑሩ አትባሉም፣ የቋንቋ ፈተናም የለም። የትዳር ጓደኛና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ ፋይል ይገባሉ። ትልቁ ልጃችሁ 17 ከሞላው ግን ዛሬ ነገ አትበሉ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልምጣ። አንድ ጓደኛዬ ቱርክ የገዛው በደላላ ነው። ከኤርፖርት ተቀብለውት፣ ጥሩ ምሳ ጋብዘውት፣ ከኢስታንቡል መሃል በጣም የራቀ አዲስ ሕንፃ ላይ አፓርታማ አሳዩት። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ወጥ ቤቱ ያብለጨልጫል። ዜግነቱን በሰዓቱ አገኘ፣ በዚያ በኩል ቅሬታ የለውም። የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ ግን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ጠቆረ። በጣቱ ነካ ሲያደርገው ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተላጠ፣ ከስር ሲሚንቶው ርሶ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ሲያንጠባጥብ ነበር የከረመው። ሠራተኛ አስመጥቶ ሴራሚኩን አስፈረሰ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ደገመው። ሻጩ «ዋስትናው አልፏል» ብሎ ስልክ ማንሳት ተወ።

ከእርጥበቱ የከፋው ሦስት ዓመት ሞልቶት ሊሸጥ ሲነሳ መጣ። በሕጉ መሠረት ቤቱን ለሦስት ዓመት መሸጥ አይቻልም፤ ቱርኮቹ ታፑ በሚሉት የባለቤትነት ካርታ ላይ ይጻፋል። ያ ካበቃ በኋላ ደግሞ ለዜግነት የዋለን ቤት ሌላ የውጭ ሰው እንደገና ለዜግነት ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ገዢው የአገሩ ሰው ነው፤ የአገሩ ሰው ደግሞ የሚከፍለው የሰፈሩን ዋጋ ነው። የጓደኛዬ ጎረቤት ተመሳሳዩን ቤት የገዛው እሱ ከከፈለው ግማሽ ብዙም በማይበልጥ ዋጋ ነበር። ዜግነቱ 400 ሺህ ዶላር ነው ሲባል የቤቱ ዋጋ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ነው። ቤቱን በእጥፍ ከገዛችሁት ግን ልዩነቱ ለፓስፖርቱ የከፈላችሁት ነው። አይመለስም።

ስለዚህ «ለዜግነት የተዘጋጀ» ተብሎ የሚሸጥ ቤት አትግዙ። ቱርክ የሆነ ባለቤት የኖረበትን ቤት ፈልጉ። ከውጭ አገር ሰው የተገዛ ቤት አይቆጠርም፤ ስለዚህ የሻጩን ዜግነት አስቀድማችሁ አጣሩ። በዚያው ሕንፃ ላይ ለሽያጭ የወጡ ሌሎች ቤቶችን በቱርክኛ ማስታወቂያ ላይ በሊራ እዩ። ግምቱን የሚያወጣው ባለፈቃድ ገማች ነው፤ ቢሆንም የሪፖርቱን ቁጥር አይታችሁ ብቻ አትመኑ። ጠበቃውን ሻጩ ወይም ደላላው ከሚያመጣላችሁ ራሳችሁ ፈልጉት። በዝናብ ወቅት ሄዳችሁ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርጉና ግድግዳውን ዳስሱ። እ.ኤ.አ. ከ1999ኙ የቱርክ የመሬት መንቀጥቀጥ በፊት የተሠራ ሕንፃ ከሆነ፣ በምንም ዋጋ ቢሆን እኔ አልገባበትም።

ገንዘቡ በባንክ መግባት አለበት። ዶላሩ በቱርክ ባንክ በኩል ወደ ሊራ ተለውጦ የምንዛሪ ማረጋገጫ ወረቀት ካልተሰጣችሁ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። በሐዋላ ያሻገራችሁት ገንዘብ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ከኢትዮጵያ ባንክ ለውጭ ቤት መግዣ ብሎ ይህን ያህል ዶላር ማውጣትም ስለማይቻል፣ ይህ ሁሉ ገቢው ውጭ ለሆነ ሰው ነው።

አውሮፓስ? ግሪክ በአቴናና አካባቢው፣ በተሰሎንቄ፣ በሚኮኖስና በሳንቶሪኒ 800 ሺህ ዩሮ ትጠይቃለች፣ በአብዛኛው ሌላ ቦታ 400 ሺህ። መኖሪያ ፈቃዱን ለማደስ እዚያ መኖር የለባችሁም። ለዜግነት ግን ሰባት ዓመት በትክክል ኖራችሁ በግሪክኛ መፈተን አለባችሁ። ፖርቱጋል ቤት መግዛትን በ2023 ከጎልደን ቪዛ አወጣች፤ አሁን በብዛት የሚኬድበት 500 ሺህ ዩሮ በኢንቨስትመንት ፈንድ ውስጥ ማስገባት ነው። ለዜግነት አምስት ዓመት ይበቃል ሲባል ነበር፣ በጥቅምት 2025 ግን ምክር ቤቱ ወደ አስር ከፍ እንዲል ድምፅ ሰጠ። ስፔን በሚያዝያ 2025 ጨርሳ ዘጋች። የአውሮፓ ሕግ እናንተ ዓመት ስትቆጥሩ ሊቀየር ይችላል፤ ለዚህም ነው አጭሩን መንገድ የምመርጠው።

የቱርክ ፓስፖርት ሁሉን አይከፍትም። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ሲንጋፖር ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ሼንገንና እንግሊዝ ግን ቪዛ ይጠይቃሉ። «በቱርክ ዜግነት የአሜሪካ ኢ-2 ቪዛ (የባለሀብት ቪዛ) ትወስዳላችሁ» የሚሉም አሉ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በኢንቨስትመንት ዜግነት ያገኘ ሰው ለዚያ ቪዛ መጀመሪያ ቱርክ ሦስት ዓመት መኖር አለበት። ይህን ደላላ አይነግራችሁም።

ከመፈረማችሁ በፊት ቤተሰብ ሰብስባችሁ የምትነጋገሩበት አንድ ነገር አለ። ቱርክ የቀድሞ ዜግነታችሁን ተዉ አትልም። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ አገር ቤት የምትገቡት በቢጫ ካርድ፣ ማለትም በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይቻልም። ለልጆቻችሁም ቢጫ ካርዱን ስለምትፈልጉት፣ የቀድሞ ፓስፖርታችሁንና የልደት ወረቀታችሁን አትጣሉ።