ለድንገተኛ የጆሮ መደንቆር በአዲስ አበባ ያገኘሁት ሕክምና

ቤተሰብ ለመጠየቅ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ በገባሁበት ሰሞን ቀኝ ጆሮዬ በአንድ ሌሊት መስማት አቁሞ ከባድ ማዞርና ማስመለስ ስለተከተለኝ፣ የተጠቀምኩባቸውን የሕክምና አገልግሎቶች ለሌላ መንገደኛ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጽፌአቸዋለሁ።

ሰፈራችን ያለው የግል ክሊኒክ በመስተንግዶው አይነቀፍም፤ ካርድ ባወጣሁ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ታይቻለሁ። ነገር ግን የመስማት ችሎታዬ ሳይለካ «ኢንፌክሽን ነው» ተብዬ በጠብታና በማዞር ማስታገሻ ክኒን መሸኘቴ የሚያሳዝን ነው። ችግሩ የውስጠኛው ጆሮ ወይም የነርቩ ሲሆን ጠብታ እዚያ አይደርስም፤ የሚባክነው ቀን ግን ሕክምናው ይበልጥ የሚሠራበት ቀን ነው።

ዘመዶቼ የወሰዱኝ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ግን ምስጋና ይገባቸዋል። ኩክም ሆነ ፈሳሽ እንደሌለ በመብራት ካዩ በኋላ፣ ሹካ የሚመስል ብረት መታ አድርገው ግንባሬ መሐል አኖሩት፤ ድምፁ የተሰማኝ በደህናው ጆሮዬ በኩል ብቻ ነበር። ጆሮው የተደፈነ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ወደታመመው ያደላ እንደነበር አስረዱኝ። አውሮፕላኑ ሲወርድ ጆሮዬ ታፍኖ እንደሆነ የጠየቁኝ የግፊት ለውጥ የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሽፋን ሊቀድ ስለሚችል፣ ጄንታማይሲን የተባለ የአንቲባዮቲክ መርፌ መውሰዴን የጠየቁኝ መድኃኒቱ የመስማትና የሚዛን ሕዋሶችን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ማዞር ከጆሮ ጩኸት ጋር ይመላለስብኝ እንደነበር የጠየቁኝ ደግሞ ሜኒየር የተባለውን የውስጠኛ ጆሮ በሽታ ጠርጥረው ነበር። አረማመዴን፣ የዓይኔን እንቅስቃሴና ንግግሬን የፈተሹትም አንዳንድ ስትሮክ በዚሁ ምልክት ስለሚጀምር ነው። በሩጫ ቀጠሮ ለለመድነው ለእኛ ይህ ትዕግሥት ብርቅ ነው።

የመስማት ምርመራው ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ተካሄደ፤ ባለሙያዋ ጥንቁቅ ናት። በ72 ሰዓት ውስጥ በ3 ተከታታይ የድምፅ ቅጥነት እርከኖች (ፍሪኩዌንሲ) ቢያንስ 30 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የወረደ መስማት በድንገተኛነት የሚመደብ ሲሆን፣ የእኔ ከዚያም ያለፈ ነበር። ስኳሬና የደም ግፊቴ ተለክተው ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ) ክኒን ታዘዘልኝ፤ ይህ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ካልሠራም በታምቡሩ በኩል የሚሰጥ መርፌ አለ።

ኤምአርአዩን በሌላ ማዕከል ተነሣሁ። ወረፋው አሰልቺ ቢሆንም፣ በመስማት ነርቭ ላይ የሚበቅለው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ እንደሌለብኝ ታውቋል። እንደ አብዛኛው ሕመምተኛ የእኔም መንስኤ ሳይታወቅ ቀርቷል፤ ማዞሩ ለቆኛል፣ መስማቴ ግን የተመለሰው በከፊል ነው። የመስማት ምርመራውን ውጤት በወረቀት ጠይቃችሁ ያዙ፤ ሳይጠየቁ አይሰጡም፣ ውጭ ያለው ሐኪም ደግሞ መሻሻሉን የሚያነጻጽረው በእሱ ነው።